ወገብ ሲታመም ማን ይመሰክራል?
የጀርባ ሕመም ምርምር ታሪክና ሳይጠየቅ የቆየው ጥያቄ

በፖለቲካ ቋንቋችን ውስጥ “አከርካሪ” የሚለውን ያህል የተንገላታ ቃል ያለ አይመስለኝም። ሁሉም ወገን የባላጋራውን አከርካሪ ሰብሮ ነው የሚያድረው። ዘመቻ የሚወጣው ወገቡን ታጥቆ ይነሳል፤ ኑሮ የከበደው ወገቤ ተቆረጠ ይላል፤ የደነገጠውም “ወገቤን!” ብሎ ይጮኻል። በአማርኛችን ወገብ የጉልበትም የክብርም መለኪያ ነው። ስለ እውነተኛው ወገብ፣ ማለትም ሰውን ከሥራ አስቀርቶ ቤት ስለሚያውለው ሕመም ግን በእኛ መድረኮች ብዙም ሲጻፍ አላይም። ነገሩ ትንሽ ሆኖ አይደለም። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ጀርባ ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ሰዎች ሳይሞቱ ግን ከአቅም በታች ሆነው የሚኖሩባቸውን ዓመታት በማብዛት ረገድም ይህ ሕመም ከሁሉም በሽታዎች የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል።

ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምና ምክር ለመስጠትም አልዳዳም። ትኩረቴን የሳበው የምርምሩ ታሪክ ነው። ይህን ታሪክ ከጥግ እስከ ጥግ ሳነበው አንድ ነገር ደጋግሞ ብቅ ይልብኛል። ከ150 ዓመታት በላይ ወገቡን ለታመመ ሰው በቅድሚያ የቀረበለት ጥያቄ “እንዴት ትድናለህ?” የሚል አልነበረም። “እውነትህን ነው ወይስ ትዋሻለህ? ካሳውንስ ማን ይክፈል?” የሚል ነበር። ሕክምናው የተቀረጸው ችሎቱና የመድን ኩባንያው በጠየቁት ጥያቄ ልክ ነው። በእኔ እምነት ሳይንሱን ብዙ ዘመን ያዘገየው የእውቀት ማነስ ብቻ ሳይሆን ይህ የተሳሳተ ጥያቄም ጭምር ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባቡር አከርካሪ

ታሪኩን ከእንግሊዝ አገር እንጀምር። በ1830 የሊቨርፑልና የማንቸስተር የባቡር መስመር በተመረቀበት ዕለት የፓርላማ አባሉ ዊልያም ሃስኪሰን በባቡር ተገጭተው ሞቱ። በቀጣዮቹ ሠላሳ ዓመታት ሐዲዱ አገሪቱን እንደ ሸረሪት ድር ሲሸፍናት አደጋውም አብሮ በዛ። በ1846 የወጣው ሕግ በሌላው ጥፋት በአደጋ ለሞተ ሰው ቤተሰብ ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጠ። የተጎዱ መንገደኞችም የባቡር ኩባንያዎችን ፍርድ ቤት መገተር ያዙ።

እግሩ የተቆረጠ ከሳሽ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ዳኛው በዓይኑ ያያል። ጣጣው ከግጭቱ በእግሩ ወጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ ቤቱ የገባው ሰው ጋ ነበር። ከቀናት በኋላ ጀርባው ይይዘዋል፤ እጁ ይደነዝዛል፤ እንቅልፍ ይከለከላል። ቁስል የለውም፣ ስብራት የለውም። ሮንትገን ራጅን ያገኘው በ1895 ስለነበር ውስጡን ገልጦ የሚያሳይ መሣሪያም አልነበረም። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ ሰኔ 1865 በስቴፕልኸርስት 10 ሰዎች ከሞቱበት የባቡር አደጋ ያለ ከባድ ጉዳት ወጥቷል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ በባቡር በተሳፈረ ቁጥር ፍርሃት ይይዘው ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለን እንጥራው? በሽተኛ? ፈሪ? ወይስ ገንዘብ ፈላጊ?

በ1866 የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ጆን ኤሪክ ኤሪክሰን መልስ አለኝ አለ። በመጽሐፍ ባሳተማቸው ስድስት ንግግሮቹ የባቡር ግጭት ሕብለ ሰረሰርን ያናውጣል፣ በውስጡም ዓይን የማያየው ጉዳት ያደርሳል ሲል ተከራከረ። ሕመሙ “የባቡር አከርካሪ” የሚል ስም ወጣለት፤ የከሳሽ ጠበቆችም መጽሐፉን ታጥቀው ችሎት ገቡ። ኩባንያዎቹም ዝም አላሉም። በ1883 ኸርበርት ፔጅ የተባለ ሐኪም ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳትሞ፣ ከእነዚህ ሕመሞች ብዙዎቹ ከድንጋጤ እንጂ ከአከርካሪ ጉዳት የሚመነጩ አይደሉም አለ። ይህ ሰው የለንደንና ሰሜን ምዕራብ የባቡር ኩባንያ የቀዶ ሐኪም ነበር።

ፔጅን በኩባንያ ደመወዝተኛነቱ ብቻ ውድቅ ማድረግ ፍትሐዊ አይሆንም። ድንጋጤ ሰውነትን እንደሚያሳምም በማሳየቱ ለኋለኛው የአእምሮ ቁስል ጥናት በር ከከፈቱት አንዱ ነው። ኤሪክሰንም ቢሆን የሚያያቸው ሰዎች ሥቃይ እውነተኛ መሆኑን አልሳተም። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነበር። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት ግማሽ እውነት አይቀበልም፤ ወይ “ተጎድቷል” ወይ “አልተጎዳም” ብሎ መፍረድ አለበት። ሰው በአንድ ጊዜ አካሉም መንፈሱም ሊታመም ይችላል የሚለው ቀላል ሐሳብ ከሕክምናው መዝገብ ተሰርዞ አንድ ምዕተ ዓመት ያህል የቆየው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

የዲስክ ዘመን

ሁሉም ሲጠብቀው የነበረው “የሚታይ ማስረጃ” በ1934 ከቦስተን መጣ። በማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ጄሰን ሚክስተርና ጆሴፍ ባር 19 በሽተኞችን መሠረት አድርገው አንድ ጽሑፍ አወጡ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተቀመጠው ዲስክ ሲቀደድና ወደ ኋላ ሲገፋ ነርቭን ይጫናል፤ ወደ እግር የሚወርደው ሕመምም ከዚህ ይመጣል አሉ። ከዚያ በፊት በቀዶ ሕክምና ሲገኝ ብዙ ጊዜ ዕጢ ነው ይባል የነበረው ነገር የራሱ የሰውነት ክፍል ሆኖ ተገኘ። ግኝቱ ትልቅ ነው፤ ዛሬም ዲስኩ ነርቭ ተጭኖበት እግሩ የሚያቃጥለው ሰው ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ባለ ዕዳ ነው።

ችግሩ የመጣው ግኝቱ ከልኩ በላይ ሲለጠጥ ነው። ለእግር ሕመም የተገኘው ምክንያት ለወገብ ሕመም ሁሉ ምክንያት ተደረገ። ሐኪሙ የሚያሳየው ነገር አገኘ፤ ጠበቃው የሚያቀርበው ኤግዚቢት አገኘ፤ ታማሚውም “አልዋሸሁም” የሚልበት ምስክር አገኘ። የማይታየው ሕመም መታየት ቻለ ተባለ። በስዊድን ጎተንበርግ አልፍ ናኬምሰን በ1960ዎቹ በሕያው ሰው ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለካ። ሰው ሲተኛ ግፊቱ ዝቅ እንደሚል፣ ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ደግሞ ከፍ እንደሚል አሳየ። ልኬቱ ትክክል ነበር። ከልኬቱ ተነስቶ “እንግዲያው የታመመ ሁሉ ይተኛ” ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አልጋ ቀድሞውንም የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ አሁን ደግሞ ሳይንስ ያጸደቀው መሰለ። ሰዎች ለሳምንታት ተኙ። በእኛም ባህል ቢሆን ወገቡን የያዘው ሰው “ብርድ ነው፤ ሳትነሳ ተኛ” ሳይባል አይቀርም።

አልጋውና ምስሉ ሲፈተኑ

በ1986 አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ አንድ ተራ ጥያቄ ጠየቁ፦ ስንት ቀን ነው መተኛት የሚያስፈልገው? 203 ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ገሚሱን ሁለት ቀን፣ ገሚሱን ሰባት ቀን እንዲተኛ አዘዙ። ሁለት ቀን የታዘዘላቸው ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ ያነሱ ሆኑ፤ በሌላው መለኪያ ሁሉ ከሰባት ቀኖቹ አልተለዩም። በ1995 ደግሞ በፊንላንድ የሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት አልጋ፣ ልዩ ስፖርትና ሕመሙ የፈቀደውን ያህል የዕለት ተዕለት ኑሮን መቀጠል ተወዳደሩ። ቶሎ ያገገሙት ኑሯቸውን የቀጠሉት ነበሩ። ለዘመናት እንደ እውነት የተያዘ ትእዛዝ በሁለት ርካሽ ጥናቶች ተናደ። እንዲህ ከሆነ ጥያቄው ለምን ቀደም ብሎ አልተጠየቀም? መልሴ ከላይ ያልኩት ነው። የሁሉም ዓይን ማስረጃ ፍለጋ ላይ ነበርና ማገገምን የሚለካ አልነበረም።

ቀጥሎ የተፈተነው ምስሉ ራሱ ነው። ኤም አር አይ ሲመጣ ክርክሩ ሁሉ ያበቃ መስሎ ነበር። በ1994 የወጣ አንድ ጥናት ግን ወገባቸውን ጨርሶ የማያማቸውን 98 ሰዎች ማሽኑ ውስጥ አስገባ። 52 በመቶዎቹ ቢያንስ በአንድ ቦታ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው፤ 27 በመቶዎቹ ደግሞ ወጣ ያለ ዲስክ። ሕመም የሌለባቸው ሰዎች ናቸው! ምስሉ አልዋሸም፤ ዳሩ ግን ሽበት የራስ ምታት ማስረጃ እንዳልሆነ ሁሉ ያረጀ ዲስክም በራሱ የሕመም ማስረጃ አይደለም። ዲስኩ ታይቶ የማያመው ሰው አለ፤ ምንም ሳይታይበት የሚሠቃይም አለ። ለ60 ዓመታት የተፈለገው የሚታይ ምስክር ችሎት ላይ ተንተባተበ።

ጥያቄውን ራሱን የቀየረው ስኮትላንዳዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጎርደን ዋዴል ነው። በ1987 ባወጣው ጽሑፍ፣ በኋላም በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የወገብ ሕመምን ከሰውነት፣ ከስሜትና ከኑሮ ሁኔታ ለይቶ ማከም እንደማይቻል ተከራከረ። ሕመም አንድ ነገር ነው፤ ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚመጣው ከሥራና ከኑሮ መውደቅ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ እኩል አይራመዱም አለ። በአሜሪካ የቦይንግ ፋብሪካ 3,020 ሠራተኞችን ተከታትሎ በ1991 የወጣው ጥናትም ተመሳሳይ አቅጣጫ ጠቆመ። ሥራቸውን ፈጽሞ ከማይወዱት መካከል የጀርባ ጉዳት ሪፖርት የሚያደርጉት ከሌሎቹ 2.5 እጥፍ ያህል ሆነው ተገኙ። አንዳንድ አሠሪ ይህን “ያልኩትስ ይኸው ነው፤ ሰነፎች ናቸው” ብሎ ሊያነበው ይችላል። እኔ የማነበው በሌላ መንገድ ነው፦ ሰውን የሚያዋርድ ሥራ ወገቡንም ያሳምመዋል።

የአንገት ጣጣ

የአንገት ጉዳት ታሪክ ከባቡሩ ታሪክ ጋር መንትያ ነው፤ ባቡሩ በመኪና ተተካ እንጂ። መኪና ከኋላ ሲገጭ አንገት እንደ ጅራፍ ተወርውሮ ይመለሳል። አሜሪካዊው ሐኪም ሃሮልድ ክሮው በ1928 ይህንኑ በጅራፍ ግርፋት መሰለው፤ ስሙም ቀረ። ክርክሩም ያው የድሮው ነበር፤ የከሳሽ ሐኪም በአንድ በኩል፣ የመድን ኩባንያ ሐኪም በሌላ በኩል።

በ1995 የካናዳዋ የሳስካችዋን ክፍለ ግዛት የካሳ ሕጓን ለወጠች። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ከመሟገት ይልቅ ለተጎዳው ሁሉ የሕክምናና የገቢ ድጋፍ እንዲሰጥ፣ ለ“ሥቃይ” የሚጠየቀው ካሳ ግን እንዲቀር ተደረገ። በ2000 የታተመው ጥናት ውጤቱን ሲዘግብ የአንገት ጉዳት ጥያቄዎች በ28 በመቶ ቀንሰዋል፤ ጉዳዮቹ የሚዘጉበት ጊዜም ከ200 ቀናት በላይ አጥሯል። መቸኮል ግን አያስፈልግም። ይህ “ሁሉም ውሸታሞች ነበሩ” ማለት አይደለም። አንድ ሰው ለሁለት ዓመት በየችሎቱ እየቀረበ መታመሙን እንዲያስረዳ ከተገደደ፣ በነዚያ ሁለት ዓመታት መዳን አይፈቀድለትም ማለት ነው። የዳነ ዕለት ክሱን ይሸነፋላ! ሥርዓቱ ሕመሙን ማስመስከሩ ሳያንስ ያኖረዋል።

መልእክተኛውን መምታት

ከሁሉ ይበልጥ ሊያስተምረን የሚገባው ምዕራፍ የተጻፈው በዋሽንግተን ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1989 የጤና ክብካቤ ፖሊሲና ምርምር ኤጀንሲን አቋቋመ፤ ሥራው የትኛው ሕክምና እንደሚጠቅም በማስረጃ መመርመር ነበር። በታኅሣሥ 1994 ኤጀንሲው በቦይንግ ጥናት የታወቀው ስታንሊ ቢጎስ የመራውን የባለሙያዎች ቡድን መመሪያ አወጣ። መልእክቱ ለዘብተኛ ነበር። አዲስ የወገብ ሕመም የያዘው አብዛኛው ሰው በአንድ ወር ገደማ ያገግማል፤ የአደጋ ምልክት ከሌለ ለራጅና ለኤም አር አይ አትቸኩሉ፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው ጥቂቱን ነው፤ አታስተኙት፣ ይንቀሳቀስ።

የተነሳው ማዕበል ግን ለዘብተኛ አልነበረም። አከርካሪን በብረትና በብሎን የሚያጣብቀው ቀዶ ሕክምና በዚያን ጊዜ በፍጥነት እየተስፋፋ የነበረ ትልቅ ገበያ ነው። የተቆጡ የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሞች ተደራጅተው ኮንግረስ ደጃፍ ላይ ቆሙ። አንድ የአከርካሪ ብሎን አምራች ኩባንያ መመሪያው እንዳይወጣ የፍርድ ቤት እግድ እስከ መጠየቅ ደረሰ። በ1995 በተወካዮች ምክር ቤት የኤጀንሲውን በጀት ጨርሶ ለማጥፋት ተሞከረ። ኤጀንሲው ነፍሱ ተረፈ፤ ከበጀቱ ግን ሩብ ያህሉን አጣ፤ የሕክምና መመሪያ ማውጣቱንም በ1996 ተወ። በ1999 ስሙ ሲለወጥ “ፖሊሲ” የሚለው ቃል ከስሙ ወጥቷል። ዴዮና ባልደረቦቹ ይህንንና መሰል ጉዳዮችን አንስተው በ1997 ስለ ተመራማሪዎች ማስፈራራት ጻፉ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ይህ የሆነው በአምባገነን አገር አይደለም፤ ማንም አልታሰረም፣ መጽሐፍም አልተቃጠለም። በሕጋዊ መንገድ፣ በበጀት መስመር ላይ በአንዲት ጭረት እውነት ተቀጣ። ተቋም የሚፈርሰው ሁልጊዜ በጠመንጃ ነው ብለን ለለመድን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ክፍተቱን የሞላውም ወዲያው መጣ። በ1996 ኦክሲኮንቲን የተባለው የኦፒዮይድ ክኒን ገበያ ላይ ዋለ፤ ከጀርባ ሕመም በላይ ሰፊ ገበያ የት ይገኛል? አምራቹ ፐርዱ ፋርማ መድኃኒቱን በማሳሳቻ መንገድ በማስተዋወቅ በ2007 በተመሠረተበት ክስ ጥፋተኝነቱን አመነ፤ በ2020 በሌላ ክስ እንደገና አመነ። በአውስትራሊያ 347 ሰዎችን ያሳተፈው ጥናት በ2023 ሲታተም ኦፒዮይድ ለአዲስ የወገብና የአንገት ሕመም ከማስመሰያ ክኒን የተሻለ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። ያኔ ክኒኑ ገበያ ላይ ከዋለ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የተጠየቀውም ጥያቄ ያው ተራው ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር ታማሚውን ያድነዋል?

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ስደት በጀርባችን የቆመ መሆኑን እናውቃለን። ታክሲ የሚነዳው፣ በአረጋውያን መጦሪያ በሽተኛ የሚያነሳው፣ የሆቴል አልጋ የምታነጥፈው፣ በቤይሩትና በሪያድ ምንጣፍ አጥባ የምትሰቅለው ወገናችን የሚሸጠው ጉልበቱን ነው። በምኖርበት ከተማ ለወገኖቼ በሐኪም ቤትና በካሳ ጉዳይ ባስተረጎምኩባቸው ዓመታት በብዛት የተረጎምኩት “ምን ቀን ጀመረዎ? ማን አየ? ከዚያ በፊት አሞዎት ያውቃል?” የሚለውን ነው። “ምን ቢደረግልዎ ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ?” የሚለውን የተረጎምኩበት ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። የኤሪክሰንና የፔጅ ችሎት አልተዘጋም፤ ተሟጋቾቹ ብቻ ተለውጠዋል። የኤም አር አይ ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ በፖስታ ይዞ የሚዞር፣ በላዩ ላይ የተጻፈው “ያረጀ ዲስክ” የሚል ቃል ተስፋውን የቆረጠበት ስንት ሰው አለ?

ወደ አገር ቤትም ስንመለከት ያው ቅደም ተከተል ሊደገም ይችላል። በአዲስ አበባ የግል የምርመራ ማዕከላት ተስፋፍተዋል፤ ይህ በራሱ መልካም ነው። ነገር ግን ሌሎች በብዙ ገንዘብና በብዙ ሥቃይ የተማሩትን ስህተት እኛ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን ልንገለብጠው አይገባም። በጭፍን መቅዳትም አያዋጣም። በአሜሪካ መመሪያ ላይ ከአደጋ ምልክቶች መካከል በጥቂቱ የሚጠቀሰው የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ በእኛ አገር ሩቅ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ፐርሲቫል ፖት በ1779 የገለጸው ይህ በሽታ ቶሎ ካልታከመ ጀርባን ያጎብጣል፤ እግርንም ሽባ ያደርጋል። የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ በፍጥነት መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው። የራሳችን ተመራማሪ የራሳችንን ታማሚ ጠይቆ የሚጽፈው መመሪያ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው፤ ያንን መመሪያ ከገበያም ከባለሥልጣንም ቁጣ የሚጠብቅለት ተቋምም እንዲሁ።

መልካም ምሳሌ የለም አይባልም። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት ከ1997 ጀምሮ በቴሌቪዥን “ወገብህን ቢያምህም አትተኛ፣ ተንቀሳቀስ” የሚል ዘመቻ አካሄደች፤ በ2001 በወጣው ግምገማ የሕዝቡም የሐኪሞቹም አመለካከት ተለውጦ፣ የካሳ ጥያቄውም ቀንሶ ተገኘ። በዚያው አገር በ2024 የታተመ ጥናት ደግሞ ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎችን አጥንቷል። በባለሙያ ምክር እየታገዙ የእግር ጉዞ የጀመሩት ሕመሙ እስኪመለስባቸው በመካከለኛ ግምት 208 ቀናት ሲቆዩ ምንም ያልተደረገላቸው 112 ቀናት ቆይተዋል። የእግር ጉዞ! ብሎን የለው፣ ክኒን የለው፣ ጠበቃ የለው። ምናልባትም ለመጠናት ይህን ያህል የዘገየው ለዚሁ ይሆናል፤ የሚሸጠው የለማ።

ከባቡሩ እስከ ክኒኑ ያለው ታሪክ ሕመምተኛው ውሸታም እንዳልነበረ ያስረዳል፤ ሳይንሱም ደካማ አልነበረም። የጎደለው ከታማሚው መዳን በቀር ሌላ ጥቅም የሌለው ጠያቂ ነበር። እንዲህ ያለ ጠያቂ በተገኘ ቁጥር መልሱ በቶሎና በርካሽ መጥቷል። በሐኪም ቤት የምትሠሩ፣ በዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ፣ በማኅበር የምትሰባሰቡ ወገኖቼ ቢያንስ ለራሳችን ሰዎች ያንን ጥያቄ መጠየቅ እንድትጀምሩ አደራ እላለሁ። አከርካሪ መስበሩን ለፖለቲከኞቹ እንተውላቸው፤ እኛ የወገኖቻችን አከርካሪ ቀና ብሎ የሚቆምበትን መንገድ እንፈልግ።

ቸር ያሰንብተን።